አንዷን ጎማ አቆሽሽልኝ

ሐረር ሸዋ በር አካባቢ መኪና አጥቤ ነው የማድረው። የዚያን ዕለት ወገቤ ቅንጥስ ብሎ ልዘጋ ስል፣ የሰፈራችን ሽማግሌ ጋሽ ተሾመ ሶፊ ገጠር ከነበረ ሠርግ ሲመለሱ በጭቃ የተለወሰች ፔጆ መኪናቸውን ይዘው መጡ። «እንደ አዲስ አድርጋት» ብለውኝ ሻይ ሊጠጡ ሄዱ። አጠብኳት። አራቱንም ጎማ ፈትጌ ቅባት ስቀባቸው ጥቁር መስታወት መሰሉ።

ተመልሰው አንዷን የኋላ ጎማ ሲያዩ ግን ፊታቸው ጠቆረ።

«ይቺን ቀባት ማን አለህ?»

«ጋሼ፣ ሦስቱን ብቻ ልቀባ ኖሯል?»

ሄደው በፌስታል አፈር ይዘው መጡ።

«በል፣ አቆሽሻት።»

«አሁን እኮ ነው ያጠብኳት።»

«አቦ፣ አታድክመኝ።»

የደከምኩትስ እኔ ነኝ። ቅባቱን በሳሙና አስለቅቄ አፈሩን ነሰነስኩባት። እሳቸው አጠገቤ ቁጢጥ ብለው «እዚህ ጋ ጨምር» ይሉኛል። ስጨርስ ምክንያቱን ጠየቅኳቸው።

«የጎረቤቴ መኪና ጎማ ናት» አሉ፣ ዙሪያቸውን ቃኝተው። «የኔዋ ብትፈነዳብኝ መኪናውን ትቶ በሄደበት ሳላስፈቅደው ፈታሁበት። አሁን ከድሬዳዋ ተነስቷል፤ ሳይደርስ መልሼ መግጠም አለብኝ።»

«አፈሩስ?»

«እሱም የራሱ ነው፤ ከግቢው ነው የዘገንኩት።»