ከሲሪንቃ የመጣችው የአጭር ሞገድ ሬዲዮ

ወልድያ ሬዲዮ ጥገና በተቀጠርኩበት ቀን አለቃዬ ጋሽ ከበደ አንድ የገበሬ ሬዲዮ ፊቴ አስቀምጠው «ክፈተው» አሉኝ። አራት ብሎን ፈትቼ ክዳኑን ሳነሳ በረሮ እጄ ላይ ፈሰሰ። ቀኑን ሙሉ በብሩሽና በአልኮል ስጠርግ ዋልኩ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ሬዲዮው ተናገረ። «አየህ ሰይድ፣ ግማሹ በሽታ ቆሻሻ ነው» አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የሬዲዮ ሐኪም የሆንኩ መስሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ። ያ መምሰል ለብዙ ዓመት አልለቀቀኝም።

ጋሽ ከበደ ዘንድ ሰባት ዓመት ሠርቼ መርሳ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር የራሴን ሱቅ ከፈትኩ። የሙያችን ወግ ዕቃው ወደ ጠጋኙ ይመጣል እንጂ ጠጋኙ ወደ ዕቃው አይሄድም የሚል ነው። ካቻቢቴ ይዞ ሰው ቤት የሚዞረውን ሥራ የፈታ ነው እንለዋለን። እኔም በስንቱ ላይ ስቄያለሁ።

ገዢው ሬዲዮ የሚመርጠው በጩኸቱ ነው። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ መንገደኛ ዞር ካለለት ወደደው ማለት ነው። ፊቱ ላይ «አሥራ ሁለት ባንድ» የተባለበትን ደግሞ ዓይኑን ሳያሽ ይወስዳል። ውስጡን የምናውቀው እኛ ነን፤ ያው አንዱ አጭር ሞገድ ተቆራርጦ የተጻፈ ነው። እያወቅን ዝም ብለን እንሸጣለን።

መምህር አያሌው እንዲህ አልነበሩም። ሲሪንቃ አካባቢ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ያረፉባቸው ብቸኛ ሰው ናቸው። ደስታቸው ማለዳ ተነስቶ ሩቅ ጣቢያ ማደን ነበር። ሬዲዮ ሲመርጡ ድምፁን ዝቅ አድርገው፣ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ጣቢያዎችን ይለይ እንደሆነ ይፈትናሉ። ስድስት የባትሪ ድንጋይ የምትበላ፣ መምረጫዋ ቀስ ብሎ የሚዞር አሮጌ ከባድ ሬዲዮ ነበረቻቸው። ለአንቴና ሃያ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከቤቱ ጫፍ እስከ ባሕር ዛፉ ይዘርጉ፣ ቆርቆሮውን አይንካ፣ ጫፉን በጠርሙስ አንገት ይሰሩት ብዬ የመከርኳቸው እኔ ነኝ፤ ሱቄ ተቀምጬ። የያዙትን ጣቢያ ሁሉ ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ቋንቋውን ካላወቁት ዜማውን ይጽፋሉ።

አንድ የገበያ ቀን ሬዲዮዋን በነጠላ ጠቅልለው መጡ።

«እንደምን ሰነበቱ፣ መምህር?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። መብራት ገባልን። ሬዲዮዬ ግን ታመመችብኝ፤ ትንጫጫለች።»

ከፈትኳት፣ ጠረግኳት፣ ያረጁ ካፓሲተሮቿን ለወጥኩ። ሱቄ ውስጥ በጠንካራ ጣቢያ ሞከርኳት፤ ተናገረች። በሁለተኛው ሳምንት ይዘዋት ተመለሱ።

«መብራት ሲጠፋ እኮ ትሻላለች፣ ሰይዶ» አሉኝ።

ሱቁ በደንበኛ ሞልቶ ነበር። ሳቅሁ። «መምህር፣ ሬዲዮዎ በድንጋይ ነው የምትሠራው። መብራት ምን አገባው?» ሰውም አብሮኝ ሳቀ። እሳቸው ሬዲዮዋን ትተው ነጠላቸውን አጣጥፈው ወጡ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና ጣቢያ የሚለዩላት የሽቦ ጥቅሎች፣ ኮይሎቿ ውስጥ ገባሁ። ፋብሪካው አስተካክሎ በሰም ያተማቸውን ብሎኖች፣ መለኪያ ሳልይዝ፣ በጆሮዬ ብቻ አዞርኳቸው። ትይዘው የነበረውን ሁሉ አጣች። ያጠፋኋት እኔ መሆኔን አውቄአለሁ፤ ለመምህር ግን «አርጅታለች» አልኳቸው። አሥራ ሁለት ባንዱን ሸጥኩላቸው፣ የሳቸውን ለመለዋወጫ አስቀረሁ። አዲሱ ይብስ ተንጫጫ። ሲመጡ ሌላ የምለው ስላልነበረኝ፣ «አይቆጡኝና መምህር፣ ምናልባት ጆሮዎ ይሆን?» አልኳቸው።

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አሉ። ከዚያ ወዲያ ሱቄን አልረገጡም።

ጦርነቱ ሲመጣ መብራትም ስልክም ለወራት ጠፋ። ሰው ሁሉ ወሬ ለመስማት ሬዲዮውን ከሣጥን አወጣ። አንድ ጠዋት ሱቄ ካሉት ሁሉ ርካሹን ከፍቼ አጭር ሞገድ ላይ አደረግሁት። ጫጫታ የሚባል የለም። በዓመታት ሰምቻቸው የማላውቅ ጣቢያዎች በተራ በተራ ገቡ። እጄ መምረጫው ላይ ቀረ። የሚንጫጫው የመብራቱ መስመር እንጂ ሬዲዮዎቹ አልነበሩም። መምህር በሽታውን ከነመድኃኒቱ ነግረውኝ፣ እኔ ሰው ፊት ስቄባቸዋለሁ።

መንገዱ ትንሽ ሲረጋጋ ያለኝን ጥሩ ሬዲዮ ይዤ በእግሬ ሲሪንቃ ሄድኩ። መምህር ግቢ ስደርስ አንቴናው ላይ ልብስ ተሰጥቶበታል። ካጥሩ በላይ፣ ከአንቴናው ጎን ለጎን፣ የመብራቱ ሽቦ ተዘርግቷል። አንድ ጊዜ መጥቼ ባየው ኖሮ በግማሽ ቀን አንቴናውን ወደ ሌላ አዙሬ እገላገል ነበር።

ልብሱን አንስቼ የአንቴናውን ሽቦ ከሬዲዮው አገናኘሁ። መብራት ገና አልተመለሰም ነበርና አንድ ሩቅ ጣቢያ ጥርት ብሎ ገባ። መምህር ጎንበስ ብለው አዳመጡ።

«ይሄ ደብተሬ ላይ አለ» አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። «እንግዲያ ጆሮዬ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። የመብራቱ ሽቦ ነበር የሚንጫጫው። ነግረውኝ ነበር።»

«ነግሬህ ነበር» አሉ። «እኔ ጆሮዬ ሄደ ብዬ የእድሩን ጸሐፊነት ለቀቅሁ። ሰው ሲያወራ አልሰማም ብዬ ከኋላ ነው የምቀመጠው። ሰዉም ደንቆሯል ብሎ ማናገሩን ተወኝ።»

ያመጣሁትን ሬዲዮ በጣታቸው ነካ አደረጉ።

«የኔይቱስ የት አለች?»

«ፈታኋት፣ መምህር። ዕቃዋ ለሌሎች ሆነ።»

ሽቦውን ራሳቸው ነቀሉት። ሬዲዮዬን አጥፍተው እጄ ላይ አኖሩት። «ውሰድልኝ» አሉ። ወሰድኩት፤ ወደ መርሳ ተመለስኩ።

ለወጣት ጠጋኞች የምለው ይህን ነው። ደንበኛ «ይንጫጫል» ሲላችሁ ካቻቢቴ አታንሱ፤ ቤቱ ሂዱ። መብራት እስኪጠፋ ጠብቁ፤ በኛ አገር ብዙ አያስጠብቅም። ያኔ በድንጋይ ክፈቱት። ጩኸቱ ከጠፋ ሬዲዮው ደህና ነው፣ ሰውየውም ደህና ነው። አንቴናውን ከመብራት ሽቦ አርቁና ሬዲዮውን ሳትከፍቱ ተመለሱ።