«አጭር ሞላ» ማለት የተቆረጠ ሞላ አይደለም

የሠላሳ ዓመት ልጄ የስፖርት መኪናዬን ሞላ፣ ከጎማው በላይ አካሏን የሚሸከመውን ጥምዝምዝ ብረት፣ በግራይንደር ቆረጠብኝ። ዛሬ፣ እኔ ጉኑኖ ከተማ ለቅሶ በሄድኩበት።

መኪናዋን ዝቅ ለማድረግ አንድ ወር ተከራክረናል። እሱ ከፍታው የሚስተካከለውን ሾክአብዞርበር ከነሞላው እንግዛ አለ። እኔ የሚስተካከል ነገር ሁሉ በእኛ ከተማ በቤሌ ኮረኮንች መንገድ ይላላል ብዬ «አጭር ሞላ ይበቃታል» አልኩ። አጭር ሆኖ የተሠራውን ማለቴ ነበር።

ስመለስ ቁራጮቹ መሬት ላይ ናቸው።

«አባባ፣ አጭር ሞላ አላሉም እንዴ? ይኸው አሳጠርኩልዎት!»

ከግቢ ስናወጣት ሆዷ የበራችንን ጉብታ ፋቀው። ቢያንስ ደጃችን ተደለደለ።

ማንም ሳያስተምረኝ አሥር ዓመት የሠራኋት መኪና ናት፤ የፋብሪካ ሞላዋ ከእንግዲህ አይገኝም። አልተቆጣሁም። ምንም አልተሰማኝም። ቁልፉን ሰጥቼው ገባሁ።

እናንተም «አጭር» ብላችሁ የተቆረጠባችሁ ካለ ጻፉ፤ አነባለሁ። እኔ ግን ስለዚህ ነገር ዳግመኛ አልናገርም።