አንድ ቁራጭ ቺዝ ለማቅለጥ፦ ከሙዓይዘር እስከ አቡ ሃሙር

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል፣ ሙዓይዘር

ታላላቅ ተጓዦች በረሃ ሲያቋርጡ ግመል፣ ውሃና ካርታ ይይዛሉ። እኔ ዛሬ ዶሃን ለማቋረጥ የጫንኩት አንድ የፒዛ ካርቶን፣ ቺዝ የተደረገበት አንድ ቁራጭ ዳቦ፣ የቤቱን ሠራተኛ ስንዱንና የአሠሪዎቼን ልጅ ሉልዋን ነው። ሉልዋ አራተኛ ክፍል ናት። እኔ ሹፌራቸው ነኝ። አገር ቤት ሃያ ዓመት የሳይንስ መምህር ነበርኩ፤ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ ግን ይህ አልተጻፈም፣ የጠየቀኝም የለም።

ካርቶኑ የፀሐይ ምድጃ ነው። የሉልዋ ትምህርት ቤት "ተማሪ በእጁ ሠርቶ ይማር" የሚል ዘዴ ጀምሯል። ግሩም ዘዴ ነው! የማን እጅ እንደሆነ ብቻ አይናገርም። ባለፈው የእሳተ ገሞራውን ፕሮጀክት የሠራችው ስንዱ ነበረች፤ "እጅግ በጣም ጥሩ" አገኘች፣ እስከ ዛሬ በውጤቷ ትኮራለች።

ይኼኛውን ግን ሉልዋ ራሷ ነው የሠራችው። ያስታውቃል። ፎይሉ ተጨማድዷል፣ ፕላስተሩ እንደ ቆሰለ ጉልበት ተደራርቧል። እናቷ፣ ማዳም፣ ትናንት አይታው ደነገጠች። "ይኼን ይዛ ሰው ፊት ልትቆም?" ብላ ወዲያው ስልክ አነሳች።

12 ሰዓት፣ ሱቅ ዋቂፍ አጠገብ

ማዳም የደወለችለት ሰውዬ የተማሪ ፕሮጀክት እየሠራ የሚሸጥ ነው። ለእኛ ብሎ በጠዋት ከፍቶ ጠበቀን። የእሱ ምድጃ ወርቃማ ቀለም ተቀብቷል፣ ውስጡ የተጠበሰች የፕላስቲክ ዶሮ ተለጥፋለች።

"ይሠራል?" አልኩት።

"ሐቢቢ፣ ለኤግዚቢሽን ነው እኮ!" አለኝ፤ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኩት።

መኪና ውስጥ ሉልዋ የገዛነውን ባለ ዶሮ ምድጃ ታቅፋ ተቀመጠች። ከሕፃንነቷ ስንዱ ስላሳደገቻት አማርኛ አቀላጥፋ ትናገራለች።

"ጋሼ፣ ይቺ ዶሮ ውሸት ናት።"

"አዎ።"

"የኔ ዳቦ እውነት ነው። እማማ ያዘዘችውን ይዤ እገባለሁ። የኔን አንተ ውጭ ፀሐይ ላይ አድርግልኝ። አራት ሰዓት ላይ መምህሬ ጠረጴዛዬ ጋ ትመጣለች። ቺዙ ከቀለጠ የኔን አሳያታለሁ። ካልቀለጠ ኸላስ፣ በቃ ዶሮዋን።"

"አትስጊ፣ ይኼን ሃያ ዓመት አስተምሬዋለሁ።"

"ሠርተህ ታውቃለህ?"

"ሰሌዳ ላይ ስዬ አውቃለሁ።"

በመስታወቱ አየችኝ። የዚያን ዓይነት አስተያየት ከዚህ በፊት ያየሁት ከወረዳ ኢንስፔክተር ብቻ ነው።

1 ሰዓት፣ አቡ ሃሙር

ስንዱ ዶሮዋን ትምህርት ቤቱ ውስጥ አስገብታ ስትመለስ እየሳቀች ነበር። "ጋሼ፣ አዳራሹ ፍሪጅ ነው። መጋረጃው ሁሉ ተዘግቷል። ግድግዳው ላይ ደግሞ 'ፀሐይ ወዳጃችን' ይላል።"

ወዳጃችንን ውጭ ትተናት ስለ እሷ ልንናገር ገብተናል ማለት ነው።

3 ሰዓት ከሩብ፣ የመኪና ማቆሚያው

ካርቶኑን ኮፈኑ ላይ ዘርግቼ፣ ወንበሬን ወደ ኋላ ለጥጬ ሳይንስን እየጠበቅኩ ነው። ለስንዱም ማብራሪያ ሰጠኋት፦ ፎይሉ ያንጸባርቃል፣ ጥቁሩ ወረቀት ሙቀት ይይዛል፣ ላስቲኩ እንዳይወጣ ያግዳል። ሁለት ሰዓት አለፈ። ቺዙ አሁን ከፍሪጅ የወጣ ይመስላል።

ተካ የሚባል ያገሬ ልጅ፣ እሱም ሹፌር ነው፣ ጠጋ አለ።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው?"

"የፀሐይ ምድጃ።"

ምድጃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀና ብሎ ወደ ላይ አየ። "ጥላ ሥር?"

እኔም ቀና አልኩ። የመኪና ማቆሚያው ዳስ ከላዬ ተዘርግቷል። ወገኖቼ፣ ዶሃ ውስጥ ስድስት ዓመት የነዳ ሰው እጁ መሪውን የሚያዞረው ወደ ጥላ ነው። የከተማዋን መንገድ ብረሳ ጥላዋን አልረሳም።

ስንዱ የመኪናውን በር ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። "ተማሪዎችህን እግዜር ይርዳቸው!"

የቀረን ከሃምሳ ደቂቃ በታች ነው። መኪናውን ወደ ፀሐይ ላወጣው ሞተር ሳስነሳ ስንዱ ጮኸች፦ "ተው! ሞተሩ ነው ያቀለጠው ይሉናል!" መምህሩ እኔ ነበርኩ፣ ልብ በሉ።

ካርቶኑን አስፋልቱ ላይ አደረግነው። እኔ ፀሐይዋን እየተከተልኩ ፎይሉን አዞራለሁ። ስንዱ አዝናልኝ ጃንጥላ ዘረጋችልኝ፤ ጥላው ምድጃው ላይ አረፈ።

"አንሺው!"

"ልታልቅ ነው እኮ!"

"እኔ ልለቅ፣ ቺዙ ይቅለጥ!"

4 ሰዓት

በሩ ተከፈተ። ሉልዋ ብቻዋን መጥታ ታያለች ብዬ ነበር። እሷ ግን መምህሯንና ክፍሉን በሙሉ አስከትላ መጣች። ቀልጦ እንደሆነ እንኳ አልጠየቀችኝም!

"መምህሬ ማን ሠራው አለችኝ" አለች በአማርኛ እያለከለከች። "ሱቅ ያለ ሰውዬ አልኳት። የኔ ውጭ ነው አልኳት።"

ተንበርክካ ላስቲኩን ገለጠች። ዳቦውን አነሳች። ቺዙ ካርቶኑን አልለቅም ብሎ እንደ ክር ተሳበ። ልጆቹ ጮኹ። ተካም ጮኸ።

መምህሯ ጥቁሩ ወረቀት ለምን እንዳስፈለገ ጠየቀቻት። እኔ ለመመለስ እጄን ላወጣ ምንም አልቀረኝ።

"ስንዱ ጥቁር ዓባያ ለብሳ ፀሐይ ላይ ስትቆም ትቃጠላለች" አለች ሉልዋ። "ባባ ነጭ ለብሶ እንደሷ አይሞቀውም።"

ሃያ ዓመት ሙሉ እንደዚህ ያለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ስንዱ ለማዳም ፎቶ ላከችላት። ወዲያው ተደወለልኝ።

"ዶሮዋስ?"

"ውስጥ ናት ማዳም፣ ኤሲው ተስማምቷታል።"

ሹግሌን፣ ሥራዬን፣ አጣሁ ብዬ ሻንጣዬን በሐሳቤ መሸከፍ ጀመርኩ።

"ያላ፣ ስትመለሱ ቺዝ ግዙ" አለችና ዘጋችው።

8 ሰዓት፣ ወደ ሙዓይዘር

ሉልዋ ከኋላ ወንበር በሶፍት የተጠቀለለ ነገር አቀበለችኝ። ለእኔና ለስንዱ ያስቀረችልን ዳቦ ነው። ቺዙ ቀዝቅዞ ደርቋል።

"ብላ ጋሼ። እንዴት ነው?"

ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ጎረስኩ። ሃያ ዓመት በጠመኔ የሳልኩት ትምህርት ጣዕሙን ገና ዛሬ ቀመስኩት። ትንሽ አሸዋ አለው።