ደረቴ ላይ ያሰርኩት ማንገቻ

ልጄ ክርስትና ከተነሳች ብዙም ሳልቆይ ወደ ሥራ ተመለስኩ። ሥራዬ የሰርግ ፎቶ ማንሳት ነው። ከመውለዴ በፊት ሁለት ካሜራ ይዤ፣ አንዱን አንገቴ ላይ ሌላውን ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ፣ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውል ነበር። ረጅሙ ሌንስ የተገጠመበት ካሜራ ክብደቱ የዋዛ አይደለም። ቤቴ ስገባ ማንገቻው ያረፈበት የአንገቴ ቆዳ ቀልቶ አገኘዋለሁ። የሥራው ጠባይ ነው ብዬ ቅባት ቀብቼው አልፋለሁ። ከወሊድ በኋላ ግን ገላዬ የሌላ ሰው ገላ ሆነብኝ። ጎንበስ ብዬ ሳጠባ የምውልበት አንገቴ ገና ካሜራ ሳልሸከም ያመኝ ጀመር።

«እንዲህ ሆነሽ ደግሞ አንገትሽ ላይ ብረት ልታንጠለጥዪ ነው?» አለኝ ባለቤቴ። «በሁለት ትከሻ የሚታሰረውን ለምን አትገዢም?»

የሚለው ማንገቻ የሥራ ባልደረባዬ የሚለብሰውን ነው። ባልደረባዬ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ እኔ ፎቶ አነሳለሁ፤ ለዓመታት አብረን ሰርተናል። የእሱ ማንገቻ ከቆዳ የተሠራ ሆኖ ሁለቱን ትከሻ ይዞ ጀርባ ላይ ይጋጠማል፤ ካሜራዎቹ ግራና ቀኝ ይንጠለጠሉበታል። ክብደቱን ከአንገት አንስቶ ለጀርባ ይሰጣል እያለ ስንት ጊዜ መክሮኛል።

አዲሱ ገበያ አንድ ሕንፃ ፎቅ ላይ የካሜራ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ልጄን ለአማቴ ትቼ ሄድኩ። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ሻጩን ጨምሮ ውስጡ ያሉት ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ሻጩ ትሁት ወጣት ነው፤ ያለውን ሁሉ አወረደልኝ። መጀመሪያ ስፖንጅ ያለውን ሰፊ የአንገት ማንገቻ አሳየኝ። ይመቻል፤ ግን ያው አንገት ነው። ቀጥሎ ከትከሻ ወደ ዳሌ አግድም የሚወርደውን አጠለቅኩ። መስታወቱ ውስጥ ራሴን ሳይ ማንገቻው በሁለት ጡቶቼ መሃል ሰምጦ ከፍሎኛል። በዚያ ሰሞን ጡቴ የእኔ አይመስለኝም ነበር፤ የትኛውም ሸሚዝ አይዘጋበትም። ከኋላዬ የቆሙት ሰዎች የየራሳቸውን ዕቃ ይመርጣሉ። እኔ ግን ሁሉም እዚያው ላይ ያፈጠጡ መስሎኝ ቶሎ አወለቅኩት።

«በቃ የሁለት ትከሻውን ስጠኝ» አልኩ።

አለበሰኝ። ፊት ለፊት ደረት ላይ የሚቆለፍ ትንሽ ቀበቶ አለው። «እዚህ ጋ ጥብቅ ማለት አለበት፤ ካልጠበቀ ትከሻሽ ላይ ይንሸራተታል። ላስተካክልልሽ?» አለና እጁን ሰነዘረ። ሳላስበው ወደ ኋላ አፈገፈግኩና ከመስታወቱ ጋር ተጋጨሁ። ልጁ ደነገጠ። ምንም ጥፋት አልነበረበትም፤ ለማንኛውም ደንበኛ የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ደረቴ በወተት ድንጋይ እንደሆነ፣ ሲነካ እንደሚያመኝ፣ አጥቢ እንደሆንኩ መንገር እችል ነበር። አንድ ቃል ነው። አልወጣ አለኝ።

«ጥሩ ነው፤ እወስደዋለሁ» አልኩ።

«ኧረ ካሜራ ሰቅለሽ ተራመጂበት፤ በባዶው አይታወቅም።»

«ይበቃል።»

ከፍዬ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ።

የመጀመሪያው ሰርግ የሙሽሪት ቤት ቀጨኔ ነበር፤ መኪና ከማይገባበት ቁልቁለት ላይ። ማለዳ ልጄን እስክትጠግብ አጥብቼ ወጣሁ። ሁለቱን ካሜራ ሰቅዬ ያንን መንገድ ስወርድ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማንገቻው ደስ አለኝ። አንገቴ ቀለለኝ፤ እጄ ነፃ ሆነ። ሙሽሪት ስትኳኳል፣ ሚዜዎቹ በር ላይ ሲከራከሩ፣ እናቷ ዞር ብለው እንባቸውን ሲጠርጉ፣ ሁሉንም አነሳሁ።

ፀሐይ ከፍ ስትል ጡቴ መወጠር ጀመረ። የቆዳው ጠርዝ ከጎን በኩል ይጫነኛል። ላላ ላድርገው ብል ሰው ፊት እጄን ደረቴ ላይ ማድረግ ሊኖርብኝ ነው። አንድ ክፍል ለምኜ ብገባስ ምን ልበል? ስለዚህ ቻል አደረግኩት።

ለፎቶ ወደ እንጦጦ ወጣን። ሙሽሮቹን ባሕር ዛፎቹ ሥር አቁሜ፣ ሚዜዎቹን ደርድሬ ሳስተካክል፣ ከእንግዶቹ የአንዷ ሕፃን አለቀሰች። የእኔ ልጅ አይደለችም፤ ድምፅዋ እንኳን አይመሳሰልም። ጡቴ ግን ይህን አላወቀም። ወተቱ በሁለቱም በኩል ሲለቀቅ ተሰማኝ። የለበስኩት ሸሚዝ ስስ ሰማያዊ ነበር። ጎንበስ ብዬ ሳይ በማንገቻው ግራና ቀኝ እርጥበቱ እየሰፋ ነው። ከሚዜዎቹ አንዱ አየኝና ፊቱን አዞረ። ሌላው ሳቀ፤ ምናልባት በሌላ ነገር ይሆናል። እኔ ግን በእኔ ነው ብዬ ወሰድኩት።

ባልደረባዬ ጠጋ አለኝ። «ውሃ ፈሰሰብሽ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፤ ስጠጣ ፈሰሰብኝ።»

አንድ ጊዜ ብቻ አየኝ። ከዚያ ጃኬቱን አወለቀና፣ በዚያ ንዳድ ፀሐይ፣ «እዚህ ተራራ ላይ ብርድ ነው፤ ልበሺው» ብሎ ሰጠኝ። ሁለት ልጆች ያሉት አባት ነው፤ የሚያውቀውን ያውቃል። ደግነቱ ግን ይበልጥ አሳፈረኝ። ጃኬቱን ከማንገቻው በላይ ደርቤ ላቤ እየተንቆረቆረ ቀኑን ጨረስኩ። ክንዴን ከፍ ማድረግ ስለፈራሁ ከፍ ብለው መነሳት የነበረባቸውን ፎቶዎች ሁሉ ካሜራውን ከደረቴ በታች ይዤ አነሳኋቸው። ኋላ ስመለከታቸው ሙሽሪት በግማሾቹ ላይ አገጭ ብቻ ነች።

በማግስቱ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ትኩሳት ያዘኝ። ልጄ ጡቴን ይዛ ታለቅሳለች፤ ትለቃለች። አማቴ ልጅ ሊጠብቁልኝ ሲመጡ ግንባሬን ዳበሱ።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ጉንፋን ነው መሰለኝ።»

«የምን ጉንፋን! እስቲ ደረትሽን አሳዪኝ።»

ነጠላዬን ጭምቅ አድርጌ ያዝኩ።

«ሴት አይደለሁም እንዴ? ምን ያሳፍርሻል!» አሉና ገለጥ አደረጉት። ጡቴ ቀልቶ አብጧል። በጎኑ የማንገቻው ጠርዝ ያረፈበት ሰንበር እንደ መስመር ይታያል። አማቴ ጫማቸውን አጠለቁ።

ጳውሎስ ሆስፒታል አጠገብ ወዳለ ትንሽ ክሊኒክ ወሰዱኝ። ሐኪሟ በዕድሜ ከእኔ ታንሳለች። መጋረጃውን ጋርዳ አየችኝና፣ «ይኼ መስመር የምንድነው? ጠባብ ነገር ለብሰሽ ነበር?» አለችኝ።

በሹክሹክታ ስለ ካሜራው ማንገቻ ነገርኳት።

አማቴ ጆሯቸው ከብዷል፤ ስለዚህ የሚናገሩት ጮክ ብለው ነው። «ምን አለች?» ብለው ጠየቁ፤ ሐኪሟም ጮክ ብላ ደገመችላቸው። ከመጋረጃው ወዲያ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል።

መድኃኒት ጻፈችልኝ፤ ማጥባቱን እንዳላቋርጥ፣ በሙቅ ጨርቅ እንድይዘው፣ ደረቴ ላይ ምንም ጠባብ ነገር እንዳላስር ነገረችኝ። «ቀኑን ሙሉ ከልጅሽ ተለይተሽ የምትውዪ ከሆነ ደግሞ በመሃል መታለብ አለበት» አለች። ቃሉ ትክክለኛ ቃል ነው፤ ሌላ ቃልም የለው። እኔ ግን በረት ውስጥ የቆምኩ መሰለኝና አንገቴን ደፋሁ።

ሲሻለኝ አማቴ፣ «ዕቃውን ያዢው፤ እንሄዳለን» አሉኝ።

«የት?»

«የገዛሽበት ነዋ!»

ብለምናቸውም አልሰሙኝም፤ ወይም እንዳልሰሙ ሆኑ። ሱቁ እንደዚያው በወንዶች ተሞልቷል። ገና ሳንገባ አማቴ ጀመሩ። «የኔ ልጅ፣ ይቺ ምራቴ አጥቢ ናት። ይኼ የሰጠሃት ደረቷን አፍኖ ጡቷን አሳበጠው። ደረት የማይነካውን አምጣ!»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የሳቀ ሰው ግን አልነበረም። ሻጩ ራሱ ፊቱ ቀልቶ ጠረጴዛውን ያያል። «ያኔ ብትነግሪኝ እኮ ይኼን አልሰጥሽም ነበር፤ እህቴ» አለኝ ቀስ ብሎ።

በወገብ የሚታጠቅ ሰፊ ቀበቶ አወጣ። ካሜራዎቹ በጎንና በጎን የሚቆለፉበት ጠንካራ ማያያዣ አለው፤ ክብደቱ የሚያርፈው ዳሌ ላይ ነው። ታጠቅኩት፤ ሁለቱንም ካሜራ ቆለፍኩበት፤ ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ተራመድኩ። ትንሽ እንደሄድኩ ወደ ላይ እየሸሸ ሆዴ ላይ ወጣ። ቆምኩ። አማቴ ያዩኛል፤ ሻጩም ይጠብቃል። እሳቸው አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት፣

«ሆዴ ገና አልተመለሰም» አልኩት። «ከዚህ ሰፋ ያለ፣ ዝቅ ብሎ የሚታሰር አለ?»

ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። እሱ ግን «አለ» ብሎ መሰላል ላይ ወጣ።

ደረጃውን ስንወርድ ንዴቴ ገነፈለ። «እማማ፣ ሰው ፊት እንደዚያ ይባላል?»

«ምን አልኩ?»

«ጡቷ ምናምን እያሉ! ነገ ከእነዚህ ሰዎች ጋር ሰርግ ላይ እንገናኛለን እኮ።»

የደረጃውን ብረት ይዘው ቆሙ። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ የመሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። «እኔ መዝገብ ክፍል ገብቼ፣ በሩን በወንበር ደግፌ፣ ጡቴን ጨርቅ ላይ እጨምቅ ነበር» አሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አንድ ቀን አለቃዬ በሩን ገፍቶ ገባ። ከዚያ በኋላ ደግሜ አልገባሁም። ወተቱም ደረቀ። ባልሽ በጠርሙስ ነው ያደገው።» ከዚያ መውረዳቸውን ቀጠሉ። ያን ያህል በመጮኼ እያፈርኩ ተከተልኳቸው። ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ወደ ቤት ሄድን።

ከሚቀጥለው ሰርግ በፊት ለሙሽራው እህት ደወልኩ። የምለውን ደጋግሜ ተለማምጄዋለሁ። «ይቅርታ፣ እ... አጥቢ ነኝ። በመሃል ብቻዬን የምቀመጥበት ክፍል ቢኖር...» አልኩና አቋረጥኩ። «እሺ፣ ይኖራል» አለች።

በዕለቱ የእንግዶች ኮትና ጃኬት የተከመረበት አልጋ ያለበት ክፍል አሳዩኝ። ቀበቶዬን ፈትቼ፣ ካሜራዎቹን አልጋው ላይ አስቀምጬ፣ በእጅ የምትሠራዋን ትንሽ የጡት ማለቢያ አወጣሁ። የበሩ ቁልፍ አይሠራም ነበር። ጀምሬ ሳልጨርስ በሩ ተከፈተና አንድ ሽማግሌ ገቡ። አዩኝ፤ «ውይ፣ ይቅርታ ልጄ!» ብለው ዘጉት። ልተወው ነበር። ግን ያ ትኩሳት ትዝ አለኝና ጨረስኩ፤ ልብሴን አስተካከልኩ፤ ታጥቄ ወጣሁ።

ሽማግሌው በሩን በጀርባቸው ከልለው ቆመዋል።

«ሌላ ሰው እንዳይገባብሽ ነው» አሉኝ ወለሉን እያዩ። «አሁን ካፖርቴን ልውሰድ?»

«ይውሰዱ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ማለት ነበረብኝ። አንገቴን ደፍቼ በአጠገባቸው ሹልክ አልኩ። ወገቤ አላመመኝም፤ ደረቴም ቀሎኛል፤ እስከ መጨረሻው ክንዴን ከፍ አድርጌ ሠራሁ። የሽማግሌዎቹ ጠረጴዛ ጋ ስደርስ ግን እሳቸው የተቀመጡበትን ጎን መቅረብ አልቻልኩም፤ ከወዲያ በኩል አንስቼ አለፍኩ። አልበሙ ሊታተም ሲል ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየሁ። የሙሽራው ዘመዶች ሁሉ አሉ። እሳቸው የሉም።