በእናቱ በርጩማ የተዞረ ኮንሰርት

ንጋት፣ ካዛንቺስ

ሌሎች ተጓዦች ሻንጣ ይዘው ይነሳሉ። እኔ የተነሳሁት ባለ ሦስት እግር በርጩማ በብብቴ ሸጉጬ ነው። በርጩማው የእትዬ ዘነቡ ነው፤ ምስር ይለቅሙበታል። እሳቸው ገና ሳይነጋ ቅዳሴ ሄደዋል። ልጃቸው መስፍን ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በር ላይ ይጠብቀኛል።

መስፍን ጎረቤቴ ነው፤ ካንትሪ ይዘፍናል። ዜማው የአሜሪካ፣ ግጥሙ የራሱ፣ በአማርኛ። ስለ ረጅም መንገድና ስለ ብቸኛ የጭነት መኪና ሾፌር ይዘፍናል፤ መኪና መንዳት ግን አይችልም። ጊታር የለመደው እናቱ ከቤት ሲወጡ እየጠበቀ፣ በዚህ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነው። ሌላ ወንበር ላይ ጣቶቹ ይጠፉበታል።

ለዛሬ እሁድ «የኮንሰርት ጉዞ» አሰናድቷል፦ ለገሃር፣ ኦሎምፒያ፣ ኡራኤል። ሦስቱም ጉልበት ያለው ሰው በእግሩ የሚደርስባቸው ናቸው። እሁድ ቢሮዎች ስለሚዘጉ ካፌዎቹ ጭር ይላሉ፤ ባለቤቶቹም ቦታውን የሰጡን ለዚህ ነው። ማታ የለም፣ ቢራ የለም፣ ማይክራፎን የለም። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ሰው ነው፤ ለእናቱ። እትዬ ዘነቡ ልጃቸው ሲዘፍን ሰምተው አያውቁም፤ መስማትም አይፈልጉም። ሰው ሲጠይቃቸው «ቢሮ ነው የሚሠራው» ይላሉ። የትኛው ቢሮ እንደሆነ እስካሁን አልወሰኑም።

«እማዬ ከሰዓት ኡራኤል ጉባኤ አላት፤ ስትወጣ በካፌው በር ነው የምታልፈው» ይለኛል መስፍን። «ዛሬ ካልገባች፣ በቃ፣ ጊታሩን እሸጠዋለሁ።»

የለገሃር ታክሲ ቆመልን። ሾፌሩ በርጩማውን አየው።

«ወንድም፣ እሱ ተሳፋሪ ነው ዕቃ?»

«ዕቃ ነው።»

«በእግር ይበልጥሃል እኮ! ይክፈል።»

ተከፈለለት።

ጠዋት፣ ለገሃር

ካፌው ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ብዙም አይርቅም። ፉል፣ ጨጨብሳ፣ የእንቁላል ሳንዱች። ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጠፍኩ፦ «እባክዎ በጸጥታ ያዳምጡ።» ከታዳሚው አብዛኛው ለቁርስ የመጣና ኮንሰርት እንደሚጠብቀው ያልተነገረው ነው።

መስፍን ዝቅ ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ከኋላ ላሉት የሚታየው ግንባሩ ብቻ ነበር። ዘፈኑን በሹክሹክታ ጀመረ። የጭነት መኪናው ሾፌር ፍቅረኛውን ተሰናብቶ መሪውን ሲጨብጥ የማኪያቶው ማሽን «ፍሽሽሽ» አለ። ሾፌሩ ሲያለቅስም እንደዚሁ። አስተናጋጇ ወረቀቱን አክብራ በጣቶቿ ጫፍ ትራመዳለች፤ ሰው ጨጨብሳውን የሚያኝከው ተደብቆ ነው።

ባርኔጣ ያደረጉ አንድ አዛውንት ጆሯቸውን በመዳፋቸው ከልለው ሲሰሙ ቆዩና ጠጋ አሉት።

«ልጄ፣ ታመሃል እንዴ?»

«አይ አባባ፣ አኩስቲክ ነው፤ ያለ ማይክ።»

«እግዜር ይማርህ» አሉት።

ቀትር፣ ኦሎምፒያ

እዚህ ቤቱ ሞልቷል፤ ጥግ ላይ ልደት አለ። ሻማው የጠፋበት ኬክ፣ ፒዛ፣ አምቦ ውሃ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ከልደቱ ጠረጴዛ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ተነሳና እጁን ዘረጋ።

«ተቀበል!»

አዝማሪ ቤት ቢሆን ደንቡ ነው። አድማጭ ግጥም ይወረውራል፤ ዘፋኝ ተቀብሎ በዜማ ይመልሳል። መስፍን ግን ጣቶቹን ከክሩ ላይ አነሳ።

«ይቅርታ ጋሼ፣ እዚህ ተቀበል የለም። ካንትሪ ነው።»

«ካንትሪ ቢሆንስ? ጆሮ የለውም?»

«እኔ አዝማሪ አይደለሁም።»

ቤቱ ቀዘቀዘ። ሰውየው ሂሳብ ጠራ። ባለ ልደቶቹ ኬካቸውን ተሸክመው ተከተሉት። ኮንሰርቱ «ለጥቂት ሰው የሚቀርብ» ተብሎ ነበር የተነገረው፤ አሁን በእርግጥም እንደዚያ ሆነ።

ደረጃው ላይ መስፍን በርጩማውን ከእጄ ተቀበለኝ።

«እማዬ የምትፈራው ይሄንን እኮ ነው» አለ። «ልጇ ሆዱን ሊሞላ የሰው ግጥም ሲለቅም እንዳታይ። ማለቴ፣ እኔ ዘፈን ነው የምዘፍነው... ገባህ?»

እስከ ኡራኤል ድረስ በርጩማውን እሱ ተሸከመው።

አመሻሽ፣ ኡራኤል

ወረቀቴን እዚህም ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ። ጉባኤው አብቅቶ ነጠላ የለበሰ ሰው በካፌው መስታወት ፊት ይፈሳል። መስፍን ይዘፍናል፤ ዓይኑ ግን በሩ ላይ ነው። ነጠላው ሁሉ አለፈ። መንገዱ ሳሳ። ጊታሩን የሚገዛው ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ጀምሬ ነበር።

እትዬ ዘነቡ ገቡ። ወደ መስፍን ዞር ሳይሉ ቀጥታ ወደኔ መጡ።

«በርጩማዬስ?»

«መስፍን ተቀምጦበታል፣ እትዬ።»

«አያለሁ። ምስሩን ጎንበስ ብዬ ለቅሜ ወገቤ ተቆረጠ። ሲነሳ እወስደዋለሁ» ብለው አጠገቤ ቁጭ አሉ። አስተናጋጇ ምን ይምጣ ስትላቸው «አልቆይም» አሏት።

መስፍን አንድ ክር ሳተ። መኪናው ረጅሙን መንገድ ጨርሶ እስኪቆም ድረስ ግን አላቋረጠም። ማንም አላጨበጨበም፤ ወረቀቱ ይከለክላላ። በዚያ ጸጥታ መሃል እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አስተካከሉና ቀስ ብለው፣
 
«ተቀበል» አሉ።

መስፍን ደነገጠ። የኦሎምፒያው መልስ አፉ ላይ ሲደርስ አየሁት። ዋጠው።

«እሺ እማዬ።»

«በርጩማዬን ይዘህ የት አገር ደርሰሃል፣
ቶሎ ወደ ቤት ና፣ ምስሩ ይበርድሃል።»

ጣቶቹ ክሩን ፈለጉት። ተቀበላቸው። በዚያው በካንትሪው ዜማ፣ «የት አገር ደርሰሃል» የሚለውን እየጎተተ፣ ሦስት ጊዜ መላልሶ ዘፈነው። አስተናጋጇ ትሪዋን አስቀምጣ አጨበጨበች፤ ቤቱ ተከተላት። ወረቀቴን ከግድግዳው ላይ ነቀልኩት።

እትዬ ዘነቡ ተነስተው በርጩማውን ከሥሩ ወሰዱ። የመጨረሻውን ዘፈን ቆሞ ዘፈነ፤ ጣቶቹም አልጠፉበትም።

መመለሻ

እትዬ ዘነቡን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በታክሲ ተመለስን። በርጩማው ጭናቸው ላይ ነው። የዚህኛው ታክሲ ሾፌር ጊታሩን በመስታወት አየ።

«እናት፣ ልጁ ምንድነው የሚሠራው?»

መስፍን ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ «ቢሮ» የሚለውን ቃል ጠበቅኩ።

«ዘፋኝ ነው» አሉ እትዬ ዘነቡ። በርጩማውን መታ መታ አድርገው ጨመሩ፦ «ግን ሰው አይረብሽም።»