ምሰሶውን ብቻ

በጣሊያን ጊዜ ሰፈራችን ኮልፌ ይፈርሳል፣ ጣሊያን የወታደር ካምፕ ሊሠራበት ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ያን ሰሞን ቤት ዋጋ አጣ፤ ሻጩ በዛ፣ ገዢ ጠፋ። አባቴ ባገኘነው ዋጋ ሸጠን አገር ቤት እንግባ ይላል፤ እናቴ ንቅንቅ አልልም ትላለች። ቤታችን የጭቅጭቅ ቤት ሆነ።

በዚህ መሀል የታናሽ ወንድሜን ክርስትና ያነሳው አበልጃችን መጣ። ቤቱን ሊገዛን ነው ብለን ደስ አለን። እሱ ግን ጣራውን ቀና ብሎ እንኳ አላየም። መሀል ቤት የቆመውን የጥድ ምሰሶ በጣቱ ኳ ኳ አደረገና፣ "ቤቱስ መፍረሱ አይቀርም፤ ምሰሶውን ብቻ ሽጡልኝ። ሰበታ ለምሠራው ቤት ይሆነኛል" አለ።

ምሰሶው ሲነቀል ጣራው በእኛ በልጆች ላይ እንደሚወርድ ጠፍቶት ነው? ያውም ጠላችንን እየጠጣ! እናቴ ዋንጫውን ከእጁ ወስዳ በሩን ከፈተችለት። በማግስቱ አባቴን ጭቃ አቡክቶ ግድግዳውን እንደ አዲስ ሲመርግ አገኘሁት። የመሄዱ ነገር በዚያው ቀረ።

ሰፈሩ ሳይፈርስ ጣሊያን ወጣ። አበልጃችን ግን የራሱን ቤት በርካሽ ሸጦ፣ ሰበታም ሳይቀናው ቀርቶ፣ በክረምት ዝናብ ከነቤተሰቡ ማደሪያ ፍለጋ መጣብን። እኔ ብሆን በሩን አልከፍትለትም ነበር። አባቴ፣ "ግባ አበልጄ፣ ደገፍ በል" ብሎ ምሰሶው ሥር አስቀመጠው።

እሱም ዓይኑን በጨው አጥቦ ተደገፈ።