የእትዬ ሀዋ መስመር

በፋይበር ሥራ የመጀመሪያ ቀኔን ያሳለፍኩት ወለል ላይ ተንበርክኬ ነው። ቡድን መሪያችን ጋሼ ታደሰ ከፀጉር የቀጠነች የመስታወት ክር መዳፌ ላይ አስቀምጠው «ያዛት» አሉኝ። ያዝኳት ስል የለችም። ከዚያ በፊት አሥራ አንድ ዓመት የመዳብ ሽቦ ስጎትት ኖሬያለሁ፤ መዳብ ሲወድቅ ቢያንስ ድምፅ ያሰማል። ጋሼ ታደሰ እንዲህ ያለች ስብርባሪ ቆዳ ውስጥ ከገባች ለማውጣት መከራ መሆኑን ነግረውኝ፣ ፕላስተር ሰጥተው ወለሉን እየለጠፍኩ እንድፈልጋት አዘዙኝ። እስከ ምሳ ፈለግኩ። ያገኘኋት የገዛ ሱሪዬ ጉልበት ላይ ነው።

በዚያው ሳምንት ክሩን መላጥ፣ በክሊቨር እኩል መቁረጥ፣ ሁለቱን ጫፍ በስፕላይሰር አቅልጦ ማያያዝ፣ ከዚያም ብርሃኑን በፓወር ሜትር መለካት ተማርኩ። በመዳብ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ነው፤ በፋይበር የሚሄደው ብርሃን ነው። ጋሼ ታደሰ ብርሃን ኩሩ ነው ይሉ ነበር። ክሩን አጥብቀህ ካጠፍከው፣ አልታጠፍም ብሎ ከመንገድ ይወጣል።

ሸዋ ሮቢት ላይ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የብረት መሰላል ያለ ጓንት አይያዝም። እኛ መሰላሉን ባጃጅ ላይ አስረን፣ ግማሹ ወደፊት ግማሹ ወደኋላ ወጥቶ፣ ከተማውን እናቋርጣለን። እትዬ ሀዋ ቤትም የደረስኩት እንደዚያው ነው።

እትዬ ሀዋ የማሾ ነጋዴ ናቸው። ከቀወት ገበሬዎች እየሰበሰቡ ለጭነት መኪኖች ያስረክባሉ። ፋይበሩን ያዘዘላቸው ደሴ ላይ አናጢ የሆነው ልጃቸው ኢድሪስ ነው፤ ውሉም በእሱ ስም ነው። ኢንተርኔት ለምን እንደፈለጉ ስጠይቃቸው ልጃቸው መስማት እንደማይችል ነገሩኝ። የሚነጋገሩት በእጅ ምልክት ነው። በሞባይል ዳታ ሲደውልላቸው ምስሉ ድርቅ እያለ እጁ አየር ላይ ይቀራል።

«እሺ ይበለኝ እምቢ ይበለኝ ሳልለይ ይጠፋብኛል» አሉኝ። «አሁን ደግሞ እሺና እምቢን መለየት ያለብኝ ቁም ነገር መጥቷል።»

ገመዱን ከምሰሶው ስቤ ደጃፋቸው አደረስኩ። ግድግዳውን ልብሳ ድሪሉን ሳነሳ መብራት ሄደ። ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ሌላ ደንበኛ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ገመዱን በበሩ መቃን፣ በማጠፊያው በኩል አሾልኬ በክሊፕ እየመታሁ አስገባሁት። ቢፈልጉት የማይታይ፣ ያማረ ሥራ መሰለኝ። ቆይቶ መብራት ሲመጣ ለካሁ፤ ልኩ ደህና ነው። የራውተሩ መብራት አረንጓዴ ሆነ። እትዬ ሀዋ መርቀው ማንጎ አሸክመው ሸኙኝ።

በሦስተኛው ቀን ይቋረጣል ብለው ወደ ጥሪ ማዕከል ደወሉ። እዚያ ያሉት ሠራተኞች መስመሩን በኮምፒውተር ያዩታል፤ ይሠራል። የሥራ ትዕዛዝ ደርሶኝ ሄድኩ፤ ይሠራል። ትዕዛዙን ዘጋሁ። እትዬ ሀዋ ስልክ ላይ «ችግርዎ ተፈትቷል» የሚል መልእክት ደረሰ። ማንበብ ስለማይችሉ ለእኔ አምጥተው አስነበቡኝ። «ማን ፈታው?» አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ደወሉ፣ እንደገና ሄድኩ፣ እንደገና ይሠራል። ጋሼ ታደሰ ሴትዮዋ የሚያጫውታቸው ሰው አጥተው እንዳይሆን ብለው ጠረጠሩ። እኔም በሄድኩ ቁጥር ስለማገኘው ማንጎ ለጋሼ አልነገርኳቸውም እንጂ ብዙም አልከፋኝም ነበር።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲደውሉ ግን ነገሩ ጠነከረ። ሁለት ጊዜ ለተዘጋ አቤቱታ አዲስ ትዕዛዝ የሚከፈተው፣ ውሉን የፈረመው ደንበኛ ራሱ በድምፁ ሲያረጋግጥ ነው። እትዬ ሀዋ ልጄ አይሰማም፣ አይናገርም ብለው አስረዱ። የጥሪ ማዕከሏ ልጅ በትሕትና፣ «እሺ እናቴ፣ ሲሻለው ይደውልልን» አለቻቸው።

እኔም ደወልኩ። የምሠራው እዚያው መሥሪያ ቤት መሆኔ ወረፋዬን አላሳጠረውም። ሙዚቃውን አንድ ባጃጅ ከአውቶቡስ ተራ ገበያ ደርሶ እስኪመለስ ሰማሁና ያንኑ መልስ አገኘሁ። ጋሼ ታደሰን ዝም ብዬ ሄጄ ልየው ብላቸው፣ ያለ ትዕዛዝ የደንበኛ መስመር የነካ ቴክኒሺያን ነገ መሰላል ሳይሆን ደብዳቤ ነው የሚሸከመው አሉኝ።

ኢድሪስ ሥራውን ጥሎ ከደሴ በሚኒባስ መጣ። ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ ፈጣን ጎልማሳ ነው። ከእናቱ ጋር ቢሯችን ሲደርሱ ስልኬን ስፒከር ላይ አድርጌ ደወልኩ። ደንበኛው አጠገቤ እንዳለ፣ ግን እንደማይሰማ ለልጅቷ ነገርኳት። እሷም ታዝናለች፣ ሆኖም ቅጹ ድምፁን ይጠይቃል።

ወረቀት ላይ «ድምፅህን ይፈልጋሉ» ብዬ ጽፌ ለኢድሪስ ሰጠሁት። አነበበው። እየቀለድኩ እንደሆነ ለማወቅ ፊቴን አየ። ከዚያ ሳቀ። ሳቁ ከሆዱ የሚወጣ፣ ወፍራም፣ ቢሮውን የሚሞላ ሳቅ ነው። ወረፋ የያዙት ሰዎች ሁሉ ዞረው አዩን።

እትዬ ሀዋ ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው፣ «ይኸው ድምፁ» አሉ።

ልጅቷ ስትመልስ የራሷም ድምፅ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ደንበኛው በድምፅ አረጋግጠዋል ብዬ መዝግቤያለሁ» አለች። ትዕዛዙ ወዲያው ደረሰኝ።

በዚህኛው ጊዜ ጋሼ ታደሰም አብረውኝ ሄዱ። ቤት ገብተን ራውተሩን አየን፤ አረንጓዴ። ለካሁ፤ ደህና። አንገቴን ደፍቼ፣ «እትዬ ሀዋ፣ ይሠራል» አልኳቸው።

እትዬ ሀዋ ቱግ አሉ። ለልጃቸው ብቻ የሚነግሩት ነገር ነበራቸው መሰለኝ፣ ተነሥተው በሩን ዘጉና ለራውተሩ ጀርባ ሰጥተው በእጃቸው ያወሩት ጀመር። ስለ እኔ እንደሆነ ለመገመት ምልክት ማወቅ አያስፈልግም። ኢድሪስ ግን የእናቱን እጅ ትቶ ከትከሻቸው በላይ ያያል። ጣቱን ዘረጋ። የራውተሩ መብራት ቀይ ሆኗል።

ሄዶ በሩን ከፈተው። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አረንጓዴ ሆነ። ዘጋው፤ ቀይ። ከፈተው፤ ጠብቀን አረንጓዴ። እንዳንጠራጠረው ነው መሰለኝ፣ አንዴ ደገመልን።

ጋሼ ታደሰ በዚህ ሙቀት በር የሚዘጉት ለምን እንደሆነ ጠየቁ።

«የእኛ ወሬ በዓይን ነው የሚሰማ» አሉ እትዬ ሀዋ። «ሰፈሩ አብሮት አድጎ ምልክቱን ሁሉ ያውቃል። የማስብለት ልጅ ደግሞ የፊት ለፊት ጎረቤታችን ናት። ሽማግሌ ልላክ አልላክ ብዬ ስጠይቀው በሩ ተከፍቶ ይሁን?»

እኔ በሄድኩ ቁጥር ለእንግዳ በሩ ተከፍቶ ይቆየኛል፣ መስመሩም ይሠራል። ከልጃቸው ጋር ሊያወሩ ሲዘጉት ማጠፊያው ገመዱን ይቆነጥጠዋል፣ ብርሃኑም ይጠፋል።

ጋሼ ታደሰ ማጠፊያውን አዩ፣ እኔን አዩ። «ማነው በዚህ ያስገባው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

የትዕዛዙ ቅጽ ላይ «የብልሽት መንስኤ» የሚል ቦታ አለ። «የደንበኛ አያያዝ» የሚለውን መምረጥ ይቻላል፤ ብዙ ጊዜም እሱ ነው የሚመረጠው። ጋሼ ታደሰ እስክሪብቶ ሰጡኝ። «ቴክኒሺያኑ ገመዱን በበር ማጠፊያ አሳልፎ» ብዬ ጻፍኩ። የቃል ማስጠንቀቂያ አገኘሁ፤ ተገቢ ነው። ዕለቱን መብራት ስለነበረ ግድግዳውን በስቼ አዲስ ገመድ አስገባሁ፣ በሩን ዘግቼም ለካሁ።

ኢድሪስ፣ ሊጠይቀው የመጣ ጎረቤት ቤቱን ስለሞላው እናቱ ጉዳዩን ሳያነሱለት፣ በማግስቱ ደሴ ተመለሰ። በዚያው ሳምንት እትዬ ሀዋ በራቸውን ዘግተው ጠየቁት፤ እሺ አለ፣ እጁም መሀል ላይ አልቀረም። ሽማግሌ ተላከ፣ የልጅቷም ቤተሰብ ተስማማ። ለኒካሁ እኔም ጋሼ ታደሰም ተጠርተን በላን።

ዛሬ አዲስ ቴክኒሺያን ሲመጣ የማሠለጥነው እኔ ነኝ። ደንበኛ መስመሩ ይቋረጣል ካለህ፣ ሲቋረጥ ምን እያደረገ እንደነበር ጠይቀው እለዋለሁ። ከዚያ እሱ እንደሚጠቀምበት አድርገህ ለካ።